«ወርቅ ከሩቅ ያነባል» የተባለ ማሽን ሲቀርብልዎ፦ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት በአሥር ባልዲ የሚሠራ ፈተና

አዳማ ውስጥ ስለተቀበረ ወርቅ የሚወራው አያልቅም። ጣሊያን ሲወጣ ቀብሮት ሄደ የሚባለው ሣጥን፣ አሮጌ ግቢ ሥር አለ የሚባለው ማሰሮ፣ ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው ሲደርስ ኪሎው ይጨምራል። ወሬው ባለበት ደግሞ ማሽን የያዘ ሰው አይጠፋም። ማሽኑ እጀታ አለው፤ ከፊቱ እንደ ሬዲዮ አንቴና የሚሳብ፣ ግራና ቀኝ እንደልቡ የሚዞር ዘንግ አለው። «50 ሜትር ርቆ፣ 10 ሜትር ጠልቆ ያለ ወርቅ ያነባል» ይባልለታል። ሰውዬው ይራመዳል፣ ዘንጉ ዞር ይላል፣ የከበቡት ሰዎች ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ቀጥሎ ቀብድ ይጠየቃል።

ከዚህ በታች ያለው ቀብዱ ከመከፈሉ በፊት በግማሽ ቀን የሚያልቅ ፈተና ነው። ኤሌክትሮኒክስ ማወቅ አይጠይቅም። የሚጠይቀው አሥር ባልዲ፣ አንድ የወርቅ ቀለበት፣ አራት ታማኝ ሰዎችና ሥርዓቱን ሳያፈርሱ እስከ መጨረሻው መዝለቅ ነው።

አስቀድሞ መያዝ ያለበት አንድ ነገር አለ። ፍርድ ቤት ደጅ የጠና ሁሉ እንደሚያውቀው የማስረዳት ሸክሙ የከሳሽ ነው፤ «አለ» ያለ ያስረዳል። ሻጩ ግን ሸክሙን ቀስ ብሎ ወደ እርስዎ ያዞረዋል፦ «እንደማይሠራ በምን አወቅክ?» ይላል። እዚህ ጥያቄ ውስጥ ከገቡ መውጫ የለውም። ጉድጓዱ ባዶ ሲሆን «ሁለት ሜትር ይቀራል» ይባላል፤ ሁለት ሜትሩ ሲቆፈር «ወርቁ ሸሽቷል» ይባላል። ስለዚህ ክርክር አይግጠሙ። አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፦ «ምን ውጤት ቢመጣ ነው ማሽኑ አይሠራም ብለን የምንስማማው?» ለዚህ መልስ የሌለው ሰው ያቀረበልዎ ሊፈተን የሚችል ዕቃ አይደለም፤ ያኔውኑ መለያየት ይቻላል።

ደረጃ 1፦ የተባለውን ሁሉ ወረቀት ላይ ማስፈር

ከፈተናው ቀን በፊት ሻጩ በራሱ አንደበት የሚከተሉትን እንዲመልስ ያድርጉና ጽፈው ሁለታችሁም ፈርሙበት።

— ማሽኑ የሚያነበው ትንሹ የወርቅ መጠን ስንት ግራም ነው?
— ከስንት ሜትር?
— ሲጠቁም ምን ያህል ያነጣጥራል? ሁለት ዕቃዎች በ3 ሜትር ቢራራቁ ይለያቸዋል?
— ከአሥር ጊዜ ስንቴ ይሳካለታል?
— ሥራውን የሚያበላሽበት ምንድን ነው? ነፋስ፣ ፀሐይ፣ የመብራት መስመር፣ ሞባይል፣ የአፈር ዓይነት፣ የያዘው ሰው ጫማ?

የመጨረሻውን ጥያቄ አይዝለሉት። ፈተና ከወደቀ በኋላ የሚመጣው ሰበብ ሁሉ አስቀድሞ እዚህ መስመር ላይ መጻፍ አለበት። አዳማ ነፋሻማ ከተማ ናት፤ የንፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ አጠገቧ የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ልቅ ሆኖ የሚዞር ዘንግ ነፋስ ቢገፋው አያስገርምም። ሻጩ ነፋስ ከጻፈ ፈተናው በግንብ የታጠረ ግቢ ወይም ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ይሁን። ቦታውንም እሱ ይምረጥ።

ደረጃ 2፦ እውነተኛውን ዲቴክተር ከዚህኛው መለየት

የሚሠራ ሜታል ዲቴክተር አለ፤ ሁሉንም በአንድ ማጨቅ ትክክል አይደለም። እውነተኛው ከታች ክብ የሽቦ ጥቅልል አለው። በጥቅልሉ ውስጥ የሚለዋወጥ ኤሌክትሪክ ያልፋል፤ ይህ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ መስኩ ብረት ነክ ነገር ሲያገኝ በዕቃው ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ያስነሳል፤ ዕቃውም የራሱን ደካማ መስክ መልሶ ይሰጣል። ማሽኑ የሚሰማው ያንን መልስ ነው።

ችግሩ ርቀት ነው። ጥቅልሉ የሚልከው መስክ በርቀት ሦስተኛ ኃይል ይዳከማል፤ ትንሹ ዕቃ የሚመልሰውም እንዲሁ። ሁለቱ ሲባዙ ስድስተኛ ኃይል ይሆናል፦ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን መልሱ 64 ጊዜ ያንሳል፣ አሥር እጥፍ ሲሆን አንድ ሚሊዮን ጊዜ። በ20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት በግልጽ የሚሰማ ቀለበት በ20 ሜትር ርቀት አንድ ትሪሊዮን ጊዜ የደከመ መልስ ይሰጣል ማለት ነው። ስለዚህ ጥሩ ዲቴክተር ሳንቲም የሚያክል ነገር ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ያገኛል፤ ትልቅ ሣጥን ደግሞ አንድ ሜትር አካባቢና ለዚያ በተሠሩት ትልልቅ ማሽኖች ጥቂት ሜትር። ለዚያውም የስምጥ ሸለቆው እሳተ ገሞራ ወለድ አፈር፣ በተለይ ማግኔት የሚስብ ጥቁር አሸዋ ያለበት፣ በከንቱ ያስጮኸዋል፤ ከከፍተኛ የመብራት መስመር ሥርም ይንጫጫል።

ከሩቅ ያነባል ለሚባለው ማሽን ሻጮቹ የሚሰጡት ማብራሪያ ሌላ ነው፦ «ወርቅ የራሱ ፍሪኩዌንሲ አለው፤ ማሽኑ ያንን ይይዛል»። መሬት ውስጥ የተቀመጠ ወርቅ የሚያሠራጨው የተለየ የሬዲዮ ሞገድ የለም። እንደ አጠገቡ ድንጋይ ሙቀት ከመስጠት በቀር ዝም ብሎ ተቀምጧል።

ደረጃ 3፦ ዘንጉን ማን እንደሚያዞረው ማየት

ይህ ሩብ ሰዓት ብቻ የሚወስድ ነው፤ ብዙ ጊዜም በቂ ነው።

መጀመሪያ እርስዎ በራስዎ ይሞክሩ። 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም ሽቦ በ12 ሴንቲ ሜትር ላይ በዘጠና ዲግሪ ያጥፉት። አጭሩን ጫፍ ባዶ የእስክሪብቶ ቀፎ ውስጥ ይክተቱና ቀፎውን ይጨብጡ፤ ረጅሙ ወደ ፊት ይዘርጋ። አሁን ቀለበት መሬት ላይ አድርገው ወደ እሱ ይራመዱ። ሽቦው ይዞራል። እጅዎን ያንቀሳቀሱት አይመስልዎትም፤ ግን ቀፎውን በዓይን ከማይታይ ትንሽ ዘንበል ሲያደርጉት ረጅሙ ጫፍ ወደ ዝቅተኛው ጎን ይወድቃል፤ ጫፉ ዞሮ የሚደርስበት ርቀት የእጅዎን እንቅስቃሴ ብዙ ጊዜ ያጎላዋል። የጠበቁት ነገር ጡንቻዎን ሳያስፈቅድዎ ያዝዘዋል። ሼቭረል የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ይህንኑ በክር በተንጠለጠለ ፔንዱለም አይቶ እ.ኤ.አ. በ1833 ጽፎታል፦ ዓይኑ ሲሸፈን ፔንዱለሙ ይቆማል። ስለዚህ ማሽን የያዘው ሰው ሁሉ አታላይ ነው ማለት አይደለም። ከልቡ አምኖ፣ የራሱን ገንዘብም ከፍሎ የሚዞር አለ። እሱም የፈተናው ተጠቃሚ ነው፤ በክብር ያነጋግሩት።

ቀጥሎ የሻጩን ማሽን ከእጅ ያላቅቁት። እጀታውን የካሜራ ትራይፖድ ላይ ወይም አሸዋ በተሞላ ባልዲ ውስጥ አጥብቀው ያቁሙ፤ ግንበኞች በሚጠቀሙበት ውኃ ልክ ዘንጉ የሚዞርበት ገጽ ወደየትም ያላዘነበለ አግድም መሆኑን ያረጋግጡ። ሰዎች ሁለት ሜትር ይራቁ። አሁን ቀለበቱን በግራ፣ ቀጥሎ በቀኝ ያስቀምጡ። ወርቁ ዘንጉን የሚስብ ከሆነ ትራይፖድ ላይም ይስበዋል። «የሰው ገላ ኤሌክትሪክ ያስፈልገዋል» ከተባለ አንድ ሰው እጀታውን በጣቱ ይንካ፣ አይጨብጥ።

ፈቃድ ካገኙ የመብራት ሠራተኛ ቴስተር ይዞ ይምጣ። በጩኸት ማርሽ (ሁለቱ ጫፎች በሽቦ ሲገናኙ በሚጮኸው) አንዱን ጫፍ ዘንጉ ላይ፣ ሌላውን ውስጥ ያለው ሰርኪዩት ላይ ያድርግ። ዘንጉ ከሰርኪዩቱ ጋር በሽቦ ካልተገናኘ ስክሪኑና መብራቱ ለጌጥ ነው። «ከተከፈተ ይበላሻል» ከተባለ አይታገሉ፤ ይህ ደረጃ ቢቀር ምንም አይጎድልም። የሚፈርደው ቀጣዩ ነው።

ደረጃ 4፦ የአሥሩ ባልዲ ፈተና

የሚያስፈልገው፦ አንድ ዓይነት ቀለምና መጠን ያላቸው 10 የፕላስቲክ ባልዲዎች (እጀታቸው ሽቦ ከሆነ ሽቦውን ያውጡ)፤ 10 ባዶ የክብሪት ቀፎዎች፤ ጥጥ፤ 5 ግራም ወይም ሻጩ ከጻፈው በላይ የሚመዝን የወርቅ ቀለበት፤ ተመሳሳይ ክብደት ያላቸው 9 ጠጠሮች፤ ከ1 እስከ 10 የተጻፈባቸው እኩል የታጠፉ ወረቀቶችና አንድ ባርኔጣ፤ ሜትር፤ መጥረጊያ፤ ሁለት የመዝገብ ወረቀት። ቀለበቱን ወርቅ ቤት አስመዝነው ክብደቱን ይጻፉ።

ባልዲዎቹን ደፍተው በ3 ሜትር ርቀት በመስመር ይደርድሩ፤ ቁጥር ይለጥፉባቸው። እያንዳንዱ ላይ እኩል ድንጋይ ይጫን፣ ነፋስ እንዳይገለብጠው። መጀመሪያ ሁሉም ባዶ ሳሉ ሻጩ ይለፍባቸው። አንዱ ጋ «ምልክት» ካለ መስመሩን ሌላ ቦታ ያዛውሩ፤ በኋላ «እዚያ ሥር ሌላ ወርቅ አለ» እንዳይመጣ።

ከዚያ አምስት ግልጽ ዙር ይሠራል። ቀለበቱ የትኛው ባልዲ ሥር እንዳለ ሁሉም ያያል፤ ሻጩ በማሽኑ ያነባል። አምስቱንም ያገኛቸዋል፤ ያግኝ። «ዛሬ አየሩ ጥሩ ነው፣ ማሽኑ እየሠራ ነው፣ ርቀቱም ይበቃል» ብሎ ይፈርም። የዚህ ዙር ጥቅሙ ይህ ፊርማ ነው፤ ካለ እሱ የተቀረው ሁሉ ሰበብ ይበላዋል።

አሁን ሰዎቹ ለሁለት ይከፈሉ። ደባቂዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ይደብቃል፣ ሌላው ያያል። ጠያቂዎቹ ሻጩን የሚከተሉት ሁለት ናቸው። ሻጩ የራሱን ሰው ከደባቂዎች ጋር ማስቀመጥ ከፈለገ ይፈቀድለት፤ ግን ያ ሰው ፈተናው እስኪያልቅ ከእነሱ አይለይም፣ ስልኩም ይዘጋል።

አንድ ዙር እንዲህ ይሄዳል። ጠያቂዎቹና ሻጩ ከግንብ ጀርባ ይቆያሉ። ደባቂው ከባርኔጣው ቁጥር ያወጣል፣ መዝገቡ ላይ ይጽፋል፣ ወረቀቱን አጥፎ ይመልሳል። ቀለበቱን በጥጥ ጠቅልሎ ክብሪት ቀፎ ውስጥ፣ ጠጠሮቹንም እንዲሁ፤ አሥሩንም ባልዲዎች አንድ በአንድ አንስቶ፣ ሥራቸው ቀፎ አስቀምጦ መልሶ ይደፋል። ከዚያ መስመሩን ዳር እስከ ዳር ይጠርግና ሁለቱም ደባቂዎች በሌላ በኩል ከዓይን ይሰወራሉ፤ ደወል ይደውላሉ ወይም በር ያንኳኳሉ። ጠያቂዎቹ ሻጩን ይዘው ይመጣሉ። እስከ አምስት ደቂቃ ይሰጠዋል። አንድ ቁጥር ይናገራል፤ ይመዘገባል፤ ባልዲው አይነሳም። ይመለሳሉ። ይህ 20 ጊዜ ይደገማል።

የሚበላሸው የት ነው? ቁጥር በባርኔጣ ካልወጣ ይበላሻል፦ ሰው በራሱ ሲመርጥ ዳር ያሉትን ይሸሻል፣ አንዱን ሁለቴ መድገም ያሳፍረዋል፣ ሌላው ሰው ያንን ሳያውቀው ይገምታል። ደባቂው ወርቁን ያደረገበት ባልዲ ጋ ብቻ ከተንበረከከ አቧራው ይናገራል፤ ለዚህ ነው አሥሩንም የሚነካውና የሚጠርገው። መልሱን የሚያውቅ ሰው ቦታው ላይ ከቆመ ዓይኑ፣ ትንፋሹ፣ እግሩ ይናገራል፤ እሱም አይታወቀውም። በየዙሩ መልሱ ከተነገረ ደግሞ «ይህኛው አይቆጠርም፣ እንድገመው» ይጀመራል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሻጩ ሲሳካለት «በቃ አይተናል» ብሎ መሀል ላይ ማቆም ነው። 20 ከተባለ 20 ነው።

ሲያልቅ አምስት ግልጽ ዙር እንደገና ይሠራ፤ ማሽኑ «ባትሪው ደከመ» እንዳይባል። ከዚያ ሁለቱ መዝገቦች ጎን ለጎን ይከፈታሉ።

ቁጥሩ ምን ይላል? በግምት ብቻ ከ20 ዙር 2 ያህል ይገኛል። ማሽን ሳይዙ ከሚገምቱ ሰባት ስምንት ሰዎች አንዱ 4 ወይም ከዚያ በላይ ያገኛል፤ ስለዚህ 4 ማግኘት ምንም አያስረዳም። ማለፊያውን 8 ላይ ያድርጉት፦ በዕድል ብቻ 8ና ከዚያ በላይ የሚያገኘው ከ2,400 አንዱ ገደማ ነው። ይህ ለሻጩ የቸርነት መስመር ነው፤ «ከአሥር ዘጠኙን ያገኛል» የተባለ ማሽን እውነት ከሆነ 18 አካባቢ ያመጣልና። ማለፊያው ከፈተናው በፊት ይፈረምበት። ግልጹ ዙር ላይ 10 ከ10፣ ስውሩ ላይ 2 ከ20 ከመጣ፣ ሲያነብ የነበረው የሰውዬው ዓይን ነበር ማለት ነው።

ይህ ፈተና መንግሥታትንም አድኗል፤ ዘግይቶ ቢሆንም። ጂቲ 200 የሚባለው በእጅ የሚያዝ «ፈንጂ ጠቋሚ» ታይላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2010 በአራት ሣጥን ሲፈተን ከ20 ጊዜ 4 ብቻ አገኘ፤ በግምት 5 ይጠበቅ ነበር። የእሱ ዘመድ የሆነው ኤዲኢ 651 ኢራቅ ውስጥ ኬላ ላይ ወታደሮች ይዘውት ቆመው ነበር፤ መነሻው በ20 ዶላር ገደማ የሚሸጥ የጎልፍ ኳስ መፈለጊያ መጫወቻ ነበር። ሻጩ ጀምስ ማኮርሚክ እ.ኤ.አ. በ2013 እንግሊዝ ውስጥ አሥር ዓመት ተፈረደበት። ኢራቅ ውስጥ ማሽኑ ላይ የተማመነ ሰው የከፈለው ሕይወቱን ነው።

ሰበቦቹ

«ወርቁ ከተነሳ በኋላም አሻራው ይቀራል።» ግልጹ ዙር ላይ ቀለበቱ ከባልዲ ባልዲ ሲዘዋወር አሻራው አላስቸገረውም፤ ያንን ያስታውሱት።

«ጠባቂ አለው፣ ያላመነ ሰው ሲቆም ይሰወራል።» ያላመነው ሰው በግልጹ ዙርም ቆሞ ነበር።

«ማሽኑ የሚያነበው ለዘመናት የተቀበረ ወርቅ ብቻ ነው።» ይህ ጠንከር ያለ ነው፣ በባልዲም አይፈተን ይሆናል፤ ግን ሲያስተዋውቅ በራሱ ቀለበት አሳይቶዎት ከሆነ ሰበቡን ራሱ አፍርሶታል። ካላሳየዎት ወርቅ የማያስፈልገው ሌላ ፈተና አለ። 20 ሜትር በ20 ሜትር የሆነ ባዶ ቦታ ይከለሉ። ማሽን መያዝ የሚችሉ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ሌላውን ሳያይ፣ በየተራ ገብተው «ከሁሉ የጠነከረው እዚህ ነው» የሚሉትን አንድ ነጥብ ያሳዩ፤ ነጥቡን በሜትር ለክተው ይመዝግቡ እንጂ መሬቱ ላይ ምልክት አይተዉ። መሬቱ ውስጥ እውነት የሆነ ነገር ካለ ሁለቱ ነጥቦች ይገጥማሉ። በዕድል ብቻ በአንድ ሜትር ውስጥ መገጣጠማቸው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። በአራት የተለያዩ ቦታዎች ይድገሙት።

መቆፈር ላይ ከተደረሰ

ከዚህ ሁሉ በኋላም አንዳንዱ «ትንሽ ቆፍረን እንይ» ይላል። 1.5 ሜትር ያለፈ ጉድጓድ ግድግዳው ሳይደገፍ ሰው አይግባበት። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ይመዝናል፤ ደረት ላይ ሲናድ ጭንቅላት ውጭ ቢሆን እንኳ መተንፈስ አያስችልም። የአዳማ ዙሪያ ልል የእሳተ ገሞራ አመድና ጠጠር ደግሞ ደረቅ ሲሆን የቆመ ይመስላል፣ ሳያስጠነቅቅ ይፈሳል። የተቆፈረውን አፈር ከጫፉ ቢያንስ አንድ ሜትር ያርቁት።

ቅርስ ፍለጋ መቆፈር ያለ ፈቃድ አይቻልም፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰውም ወዲያው ማሳወቅ አለበት። ሻጩ «ለማንም አትናገሩ» ሲል የሚጠብቀው ወርቁን ሳይሆን ራሱን ነው።

ቀብድ ከከፈሉ በኋላ ከሆነ ይህንን ያነበቡት፣ የተፈረመበትን ወረቀት፣ የባንክ ማስተላለፊያውን፣ የስልክ መልእክቶቹንና የድምፅ ቅጂውን ሳያጠፉ ይያዙና ፖሊስ ጋ ይሂዱ። በ1996 የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 አታላይነት ወንጀል ነው። አቤቱታው ላይ «ወርቁን አላገኘንም» ብለው አይጻፉ፤ ያ ወደ ጉድጓዱ ክርክር ይመልስዎታል። «ይህን ያህል ግራም ከዚህ ርቀት ያነባል ብሎ ፈርሞ ሸጠልኝ፤ በእነዚህ ምስክሮች ፊት 20 ጊዜ ተፈትኖ ይህን ያህል አገኘ» ብለው ይጻፉና ሁለቱን መዝገቦች ያያይዙ።